ስለ እብድ ውሻ በሽታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈር ውስጥ ውሻ ሰው በነከሰ ቁጥር ደጅ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ መላ አለው። አንዱ «ነጭ ሽንኩርት እሹበት» ይላል። ሌላው «40 ቀን ይጠበቅ» ይላል። ሌላዋ መድኃኒት የሚያውቁ አዛውንት የት እንዳሉ ትናገራለች። በዚህ ሁሉ መሀል ቁስሉን የሚያጥብ ሰው ይጠፋል።

እዚህ ያሉት ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከአንባቢ ደጋግመው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ናቸው። ይህን የምታነቡት እናንተ ወይም ልጃችሁ አሁን ተነክሳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ አንብቡና ተነሱ። የቀረው ይደርሳል።

ውሻ አሁን ነከሰኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። አሁኑኑ። ቢያንስ ለ15 ደቂቃ።

ቧንቧ ካለ ቁስሉን ከሚወርደው ውሃ ሥር ያዙት። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው ከጀሪካን በጆግ እየቀዳ ያፍስስ፤ ሌላው ሳሙናውን አረፋ እያወጣ ይጠብ። የገላም የልብስም ሳሙና ይሆናል። የበሽታው ቫይረስ ላዩ ላይ ስስ የስብ ሽፋን አለው፤ ሳሙና ያንን ሽፋን ያፈርሰዋል። ውሃው ደግሞ የውሻውን ለሃጭ ከቁስሉ ጠርጎ ያወጣል። ስለዚህ እጥበቱ ሐኪም ቤት እስኪደረስ የሚደረግ ማስታገሻ አይደለም፤ ራሱ ሕክምና ነው።

15 ደቂቃ ሲሉት ቀላል ነው። ልጅ እየጮኸ፣ ደም እየወረደ፣ ሰው እየተጯጯኸ ሲሆን ግን ሁለት ደቂቃውም ረጅም ነው። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። ስልክ ከሌለ ጀበና ተጥዶ ቡናው እስኪፈላ ያለውን ጊዜ አስቡ።

አዮዲን ወይም የሕክምና አልኮል ካለ ከእጥበቱ በኋላ ቀቡት። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ በርበሬ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ናፍጣ፣ ቅቤ፣ አንዱንም አትጨምሩበት። ሥጋውን ያቃጥሉታል፣ ቆሻሻ ያስገቡበታል፣ ሐኪሙም ቁስሉን በደንብ እንዳያይ ያደርጋሉ። ደሙ በጣም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። «ነገ ጠዋት» አይባልም። እሑድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን።

ጭረት ብቻ ነው፤ ደም እንኳን አልወጣም። ይለፈኝ?

አይለፋችሁ። የጤና ባለሙያዎች ነገሩን በሦስት ደረጃ ያዩታል። ውሻውን ብትነኩት፣ ብትመግቡት፣ ወይም ደህና ቆዳችሁን ቢልሰው ክትባት አያስፈልግም፤ መታጠብ ይበቃል። ባዶ ቆዳችሁን ነከስ ነከስ ካደረገው ወይም ደም ሳያወጣ ከጫረው ግን ክትባት ያስፈልጋል። ጥርሱ ቆዳውን ከበሳው፣ ጭረቱ ከደማ፣ ቁስላችሁን ከላሰው፣ ወይም ለሃጩ ዓይናችሁ ወይም አፋችሁ ውስጥ ከገባ ደግሞ ክትባትም፣ ከታች የምነግራችሁ ሌላ መድኃኒትም ያስፈልጋል።

ፊት፣ ጭንቅላት፣ አንገትና ጣት ላይ የደረሰ ንክሻ የባሰ አስቸኳይ ነው። ፊትና አንገት ለአንጎል ይቀርባሉ፤ ጣት ደግሞ በነርቭ የተሞላ ነው። ሕፃናት ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር ስለሚስተካከል ብዙ ጊዜ የሚነከሱት እዚያው ፊታቸው ላይ ነው።

በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ነው። በንክሻው ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ትንሽ ይቆይና ነርቭ ያገኛል። ከዚያ በነርቩ ላይ ቀስ እያለ ወደ አከርካሪ፣ ከአከርካሪ ወደ አንጎል ይወጣል። በደም አይደለም የሚጓዘው። በዚህ መንገድ ላይ እያለ ሰውየው አይታመምም፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ቁስሉም ድኖ ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

ከተነከሰ በኋላ መከተብ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቫይረሱ በነርቭ ላይ እያዘገመ ሳለ ክትባቱ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ሊቀድመው ይችላል። ሩጫ ነው። እኛ ቀድመን ከጀመርን እናሸንፋለን። አንጎል ከደረሰ በኋላ ግን አለቀ።

ሰዎች 40 ቀን ካለፈ አይዝም ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ይህ አባባል ሰው አዘናግቷል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ነው። በአንድ ሳምንት የታመመ አለ፤ ዓመት ቆይቶ የታመመም አለ። የንክሻው ቦታ፣ የገባው ቫይረስ መጠንና የቁስሉ ጥልቀት ይወስኑታል። 40ኛው ቀን ላይ ምንም ልዩ ነገር የለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥሩ ነገር አለ። የተነከሳችሁት ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት ቢሆንና እስካሁን ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ፣ ምልክት እስካልታየ ድረስ ዛሬም መከተብ ይቻላል። «አሁንማ አልፎበታል» ብላችሁ አትቅሩ።

ውሻውን 10 ቀን ጠብቁ የሚባለውስ?

ይሄኛው መሠረት አለው፤ ግን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚረዳው። የታመመ ውሻ ወይም ድመት ቫይረሱን በለሃጩ ማስተላለፍ ከጀመረ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሳችሁ ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

የሚጠበቀው ግን ውሻው ነው እንጂ ክትባቱ አይደለም። ክትባቱን ዛሬ ትጀምራላችሁ፤ ውሻው ታስሮ እየበላ እየጠጣ ይቆያል። 10 ቀን አልፎት ደህና ከሆነ ሐኪሙ ቀሪውን መርፌ ሊያቆመው ይችላል። ውሻው በመሀል ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም ከተቀየረ ክትባቱ ይቀጥላል። የማይታወቅ የጎዳና ውሻ ከሆነና ካመለጠ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ይህ ቆጠራ ለውሻና ለድመት ብቻ ነው፤ ለጅብ፣ ለቀበሮ ወይም ለአህያ አይሠራም።

በንዴት ውሻውን ወዲያው የሚገድሉ አሉ። ማሰር ከተቻለ አትግደሉት። በሕይወት ያለው ውሻ ብዙ ይነግራችኋል። ከሞተ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ጭንቅላቱ በድንጋይ ወይም በዱላ ካልተፈጨ ነው የሚጠቅመው።

ውሻ ማበዱን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው የሚጠብቀው ለሃጩን እያዝረበረበ የሚሮጥ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ውሻ ነው። እንደዚያ የሚሆን አለ። ድንጋይ፣ እንጨት፣ አፈር ይበላል። ድምፁ ይሻክራል። ባለቤቱን አያውቅም። ዓላማ የሌለው ይመስል ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል።

የሚያዘናጋው ሌላኛው ነው። ጥጉን ይዞ ይተኛል። ከጨለማ አይወጣም። ታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ መዋጥ ስለማይችል ለሃጩ ይፈሳል። ኋላ እግሮቹ ይዝላሉ። የቤቱ ሰዎች ያዝኑለታል፤ ልጆቹ ወተት ይሰጡታል፣ አፉን ከፍተው ያዩለታል። ንክሻ የለም፤ ለሃጭ ግን አለ። የጠባይ ለውጥን እዩ። ጨዋው ክፉ ከሆነ፣ ክፉው ድንገት ከተለማመደ፣ ሁለቱም ያሳስባል።

ውሻ ብቻ ነው የሚያሲዘው?

ሞቃት ደም ያለው አጥቢ እንስሳ ሁሉ ሊያዝ ይችላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ግን ከ100 እጁ 99ኙ ከውሻ የሚመጣ ነው። ድመት፣ ቀበሮ፣ ጅብ፣ አህያ፣ ፈረስ፣ ከብት፣ በግና ፍየል ሁሉ ይያዛሉ። አይጥና ጥንቸል ላይ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ዶሮም፣ ወፍም፣ እባብም አያሲዙም።

ለገበሬ ቤተሰብ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የታመመች ላም ብዙ ጊዜ አትናከስም። ታገሳለች፤ ድምፁ የተሰበረ፣ የማያቋርጥ ነው። ለሃጯ ይንጠባጠባል። መኖ አንስታ ማኘክ ትጀምርና ያቅታታል። ይህን ያየ ባለቤት «አጥንት ተሰንቅሮባታል» ብሎ ያስባል። እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክንዱ አፏ ውስጥ ይከታል፤ ጉሮሮዋን ይፈትሻል። ምንም አያገኝም። እጁን ሲያወጣ ጥርሷ የቧጨረው ቦታ ላይ ለሃጩ ተለድፏል። ያን ዕለት ማታ «ላም ነከሰኝ» ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ መዋጥ ያቃታት ከብት ስታዩ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት መንደሩ ውስጥ የዞረ እብድ ውሻ ነበር ወይ ብላችሁ አስታውሱ። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ያችን ላም ወተቷን ጠጥተናል። ሥጋዋስ?

በወተት ወይም በሥጋ ሰው መያዙ እስካሁን አልተረጋገጠም። ግን በጥሬው መውሰድ አይመከርም። ከታመመች ቀን ጀምሮ ወተቷን አትጠቀሙ። አርዶ ለመብላት ወይም ለመሸጥ መሯሯጥም አያስፈልግም። አደጋው ማረዱና ብልቱን ማውጣቱ ላይ ነው፤ በቢላ የተቆረጠ እጅ አንጎል፣ አከርካሪና ለሃጭ ሲነካ። አርዳችሁ ወይም እጃችሁን አፏ ውስጥ አስገብታችሁ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ እንደተነከሰ ሰው ተናገሩ።

መርፌው ስንት ነው? አሁንም ሆድ ላይ ነው የሚወጉት?

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ ተለክፎ እናቱ በየጠዋቱ ይዛው ትሄድ ነበር። 14 ጠዋት። ሲመለስ ሆዱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚራመደው። እኛ አብሮ አደጎቹ ቀኑን እንቆጥርለት ነበር። ያ መርፌ ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ነበር፤ አገራችን ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው እሱ ነው። ብዙ ሰው አድኗል። ያም ሆኖ ሕመሙ ከባድ ነው፤ አልፎ አልፎም የነርቭ ጉዳት ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አገሮች እንዲተዉት ሲመክር ቆይቷል።

አሁን የሚመከረው ክትባት በቤተ ሙከራ ከሚያድጉ ሕዋሳት የሚሠራ ነው። የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ። መቀመጫ ላይ አይሰጥም። ጡንቻ ውስጥ ሲሰጥ የመጀመሪያው በመጣችሁበት ቀን ነው፤ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ የመጨረሻው ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ። አምስት ጊዜ የሚሰጡ ቦታዎችም አሉ። ቆዳ ውስጥ በጥቂቱ የሚሰጥ አሠራርም አለ፤ እሱ በሦስት ቀጠሮ ያልቃል። ቀኑ የሚቆጠረው የመጀመሪያውን መርፌ ቀን ዜሮ ብሎ ነው።

ቀጠሮ አትዝለሉ። ሁለተኛው መርፌ ላይ ቁስሉ መድረቅ ይጀምራል፤ ያኔ ነው ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚቀረው። አንዱ ቀጠሮ ካለፋችሁም አፍራችሁ አትጥፉ። ሂዱ፤ ከቆመበት ይቀጥላል።

ሌላ መድኃኒት ያላችሁት ምንድን ነው?

ክትባቱ መከላከያውን እስኪቀሰቅስ ቀናት ይወስዳል። ቆዳን ለበሳ ንክሻ በዚያ መሀል የተዘጋጀ መከላከያ በቀጥታ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ነው። የሚሰጠው አንድ ጊዜ፣ በተቻለ መጠን ከመጀመሪያው ክትባት ጋር ነው። ከመጀመሪያው ክትባት 7 ቀን ካለፈ በኋላ ጥቅም የለውም። በየቦታው አይገኝም፤ ውድም ነው። የሪፈር ወረቀት ከተሰጣችሁ ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ። እሱን ፍለጋ ክትባቱ መዘግየት የለበትም። ካልተገኘም እጥበቱና ክትባቱ ብቻቸውን ብዙ ሰው ያድናሉ።

ቁስሉን ለመስፋት የሚቸኩል ባለሙያ ካጋጠማችሁም ጠይቁ። መሰፋቱ የግድ ከሆነ ይህ መድኃኒት ቁስሉ ውስጥ ከተወጋ በኋላ ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ጨቅላ ሕፃንስ?

ሁለቱም ይከተባሉ። የሚያጠቡም ይከተባሉ። ለሕፃን የክትባቱ መጠን ከአዋቂው እኩል ነው።

የባህል መድኃኒት ወስጃለሁ። ጠበልም እየጠጣሁ ነው። አይበቃም?

በዚህ ጉዳይ ማንንም መናቅ አልፈልግም። ጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት፣ ሐኪም ቤቱም «ክትባት የለም» ብሎ በመለሰበት ቦታ፣ መድኃኒት አዋቂው ደጃፍ ብቻ ነው ክፍት የነበረው። ሰዎቹ በቅንነት ነው የሚሰጡት። ብዙዎች «እሳቸው ጋ ሄጄ ድኛለሁ» ይላሉ፤ አይዋሹም።

ግን እንዲህ አስቡት። የሚነክስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይያዝም። ጥርሱ ልብስ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ለሃጩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 10 የተነከሱ ሰዎች ምንም ባይወስዱም ብዙዎቹ በሕይወት ይኖራሉ። ቅጠል የወሰዱትም እንደዚያው። የዳነው ሰው ተመልሶ ያመሰግናል፤ ሌላ ሰው ይልካል። ከሦስት ወር በኋላ የሞተው ግን ተመልሶ አይናገርም፤ ቤተሰቡም «ወባ ነው»፣ «መንፈስ ነው» ብሎ ይቀብረዋል።

ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መካከል እንዶድ፣ ብሳና፣ ሰንሰል ይገኛሉ። እንዶድ ከባድ ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት እሱ ነው። ጠጥተውት በማስመለስና በማስቀመጥ የተጎዱ፣ የሞቱም አሉ። ቫይረሱን ነርቭ ውስጥ የሚገድል ቅጠል እስካሁን አልተገኘም።

ጠበሉን አትተዉ የሚላችሁ እምነታችሁ ከሆነ አትተዉት። ቁስሉን መጀመሪያ እጠቡ፣ መርፌውን ተወጉ፣ ቀጠሮውን ጨርሱ። ከዚያ ጠበላችሁን ጠጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቄስ፣ ሼክ ወይም የአገር ሽማግሌ ይህን የሚያነብ ካለ፣ የተለከፈ ሰው ደጃችሁ ሲመጣ «መርፌ ጀምረሃል?» ብላችሁ ጠይቁልን። ከእናንተ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

ምልክቱ ከታየ በኋላ የዳነ ሰው የለም?

የለም ቢባል ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሌሊት ወፍ የነከሳት አንዲት ታዳጊ ሳትከተብ ታማ ተርፋለች። ሐኪሞቿ ለቀናት ሆን ብለው ራሷን እንድትስት አድርገው አከሟት። መንገዱ ከዚያ በኋላ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በአብዛኛው አልተሳካም። በዓለም በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ጭንቀት ነው። የዳነው ጠባሳ ይበላል፣ ይወረዋል፣ ያቃጥላል። ከዚያ የውሃው ፍርሃት ይመጣል። ሰውየው ጠምቶታል፤ ብርጭቆውን ራሱ ይቀበላል። ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋው ጉሮሮው ይኮማተራል፣ ደረቱ ይዘጋል፣ እጁ ይንቀጠቀጥና ውሃው ልብሱ ላይ ይፈሳል። ቆይቶ ውሃ ሲቀዳ መስማቱ ብቻ ይበቃል። በር ተከፍቶ ነፋስ ፊቱን ሲነካውም እንዲሁ። በመሀል አእምሮው ይመለሳል፤ ሰው ያውቃል፣ ይናገራል። ለቤተሰብ ይህ ነው ከሁሉ የሚከብደው። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያሳይ ከተነከሰበት ቦታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሰውነቱ ሽባ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ታስሮ መሰቃየት የለበትም። ሐኪም ቤት ውሰዱት። ባያድኑትም ጭንቀቱንና ሕመሙን የሚያበርድ መድኃኒት አላቸው፤ ጸጥ ባለ ክፍል ያስተኙታል። አጠገቡ ሰው ይኑር።

ያስታመምነው ሰዎች ይይዘናል?

ከሰው ወደ ሰው በንክሻ ወይም በለሃጭ መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ከሟች በተወሰደ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ግን ተከስቷል። ስለዚህ አትሽሹት። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ዓይናችሁ፣ አፋችሁ ወይም ቁስላችሁ ላይ ከደረሰ ለጥንቃቄ ተከተቡ።

የቤቴ ውሻ ከግቢ አይወጣም። መከተብ አለበት?

አዎ። በር ሲከፈት ይወጣል፤ ባይወጣም የሌላው ውሻ በአጥር ሥር ይገባል። ድመትም አጥር አያግዳትም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሆነው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ማስደገም ነው። ካርዱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት። ውሻችሁ ሰው ቢነክስ ያ ወረቀት ለተነከሰውም ለእናንተም እፎይታ ነው። ያም ቢሆን ሐኪም ማየቱ አይቀርም።

የጎዳና ውሾችን ቢያጠፏቸው አይቀልም?

ብዙ ከተሞች መርዝ እየጣሉ ሞክረውታል። ውሻ ያልቃል፤ በሽታው አያልቅም። የሞቱት ውሾች ሰፈር ባዶ አይቀርም፣ ከሌላ አካባቢ ያልተከተቡ ውሾች ይገባሉ፣ ቡችሎችም ይወለዳሉ። ከሞቱት መሀል የተከተቡም አሉ። መርዙንም የሚበላው ውሻ ብቻ አይደለም።

የሠራው መንገድ ሌላ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሜክሲኮ ይህን ለዓመታት በነፃ ዘመቻ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ በሚመጣ በሽታ ሰው የማይሞትባት አገር መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም፤ በየዓመቱ ሳታቋርጥ ስለከተበች ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1903 ትልቅ የውሻ እብደት ወረርሽኝ መነሳቱ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ከ120 ዓመት በላይ አልፏል፤ አሁንም እዚሁ ጥያቄ ላይ መሆናችን ያንገበግበኛል።

ቀይ ቀበሮንም የሚያጠቃው ይሄው በሽታ ነው?

ይሄው ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። ባሌ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ከ2003 እስከ 2004፣ ከ2008 እስከ 2009፣ እና በ2014 በሽታው ገብቶባቸዋል። በ2003ቱ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ያመጣባቸው ከብት ተከትሎ የሚወጣ ያልተከተበ የእረኛ ውሻ ነው። ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የመንደር ውሾች ሲከተቡ ሰውም፣ ከብትም፣ ቀበሮም አብረው ይተርፋሉ።

«ፓስተር» የሚባለው ቦታ ከዚህ በሽታ ጋር ምን አገናኘው?

ሉዊ ፓስተር ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ጆሴፍ ማይስተር የሚባል እብድ ውሻ የቦጫጨቀው የ9 ዓመት ልጅ እናቱ ይዛው መጣች። ክትባቱ እስከዚያ በአብዛኛው የተሞከረው ውሾች ላይ ነበር። ልጁ ተከተበ፤ ዳነ። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው ተቋም በእሱ ስም ተጠርቶ ነበር። አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢሆንም ታክሲው ዛሬም «ፓስተር» ብሎ ነው የሚጠራው። ዓለም አቀፉ የበሽታው ቀንም ፓስተር የሞተበት ሴፕቴምበር 28 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ የመስቀል ማግስት ይውላል።

ከውጭ አገር ልጆቻችንን ይዘን ለዓመት በዓል እንመጣለን። ምን እናድርግ?

እዚያ ያደጉ ልጆች ውሻ ሲያዩ ሮጠው ያቅፋሉ። እዚህ ውሻ ሁሉ እንደማይዳሰስ ከአውሮፕላን ሳትወርዱ ንገሯቸው። ገጠር ረዘም ላለ ጊዜ የምትቆዩ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት በሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ መከተብ ይቻላል። የተከተበ ሰው ቢነከስም ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርለትም፤ ግን ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዋል፣ ያ ውድ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ልትመለሱ ስትሉ ከተነከሳችሁ እዚሁ ጀምራችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። በሽታውን አይተው የማያውቁ ሐኪሞች «ትንሽ ጭረት ናት» ሊሉ ስለሚችሉ ከየት እንደመጣችሁ አስረግጣችሁ ንገሯቸው።

ልጄ ተነክሶ ቢደብቀኝስ?

ይደብቃል። አብዷል ተብሎ የተጠረጠረ እንስሳ ከነከሳቸው ሰዎች ከ10ሩ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ የሚደብቀው ስለሚቆጡት ነው። «ማን ነካካው አለህ?» የሚለውን ስለሚፈራ። ሱሪው ስለተቀደደ። ያችን የሠፈር ቡችላ አትንካ ተብሎ ስለነበር።

ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩት። ገና ምንም ሳይሆን፣ እራት ላይ ተቀምጣችሁ። «ውሻ ወይም ድመት ቢነክስህ ወይም ቢቧጭርህ፣ ጥፋቱ ያንተ ቢሆንም አልቆጣህም፤ ሮጠህ ንገረኝ» በሉት። ስትነግሩት ደግሞ የምራችሁን ይሁን። ማታ ገላውን ስታጥቡት እግሩንና እጁን አገላብጣችሁ እዩ። የማታውቁት ጭረት ካለ በለሆሳስ ጠይቁት፤ እስኪነግራችሁ ጠብቁ። ሲነግራችሁ ሳሙናው እጃችሁ ላይ ነው፤ እጥበቱን እዚያው ጀምሩ፣ ሰዓቱንም ያዙ።